የአጎቴ የእስፓኝ ግሥ

በጎንደር ከተማ ከእኔ በላይ የእስፓኝ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለም። የማውቀው ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ እሷንም ያስተማሩኝ በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ናቸው።

አጎቴ በልጅነታቸው ቅኔ ተምረዋል። ጣሊያን ሲወጣ እዚሁ ከቀረ አንድ እስፓኛዊ መካኒክ ጋር ሲሠሩ ደግሞ ቋንቋውን ለመዱ። አመሻሽ ላይ ቁስቋም ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጃፍ ይቀመጡና፣ ፊታቸውን ወደ ፍርስራሹ ግንብ አዙረው፣ የእስፓኙን «መናገር» የሚል ግሥ ልክ እንደ ግዕዝ ግሥ በዜማ ያረቡታል፦ «አብላሪያ፣ አብላሪያስ፣ አብላሪያ፣ አብላሪያሞስ፣ አብላሪያይስ...» ጎረቤቱ ሁሉ ድግምት እየመሰለው ያማትባል።

የመጨረሻዋ ተራ የእኔ ነበረች።

«አብላሪያን!» እላለሁ።

«ምን ማለት ነው?»

«ቢችሉ ይናገሩ ነበር።»

«እነማን?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አያ!»

«አንተ ቀልማዳ!» ይሉና በአገጫቸው ግንቡን ያሳዩኛል። ተራዬን ሳልመልስ በራቸውን አይዘጉም፤ ዶፍ ቢወርድም አይዘጉም።

በአርባቸው ዕለት፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ ገና ሳይመሽ ቤታቸውን ልቆልፍ ሄድኩ። በሩ አልገጥም አለኝ። ስገፋው ከባዶው ቤት ውስጥ፣ በዚያው ዜማና በዚያው ጎርናና ድምፅ፣ አምስቱ ተራ ወጣ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ እኔን ሲጠብቁ ዝም የሚሉት እንደዚያ ነው።

አንዲቷን ቃል ብመልስላቸው ኖሮ በሩም ይዘጋ፣ እሳቸውም ያርፉ ነበር። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ሳልተነፍስ እስከ ፒያሳ ሮጥኩ። በሩ ዛሬም እንደተከፈተ ነው። እኔም የዚያን ዕለት ሱሪዬን አርጥቤው ነበር።