ከተራራው ማዶ የሚመጣው ከረጢት

አማቼ ሰውን የሚያውቁት ከእግሩ ነበር። ደንበኛው ገና አስፋልቱን ሲሻገር በመስኮት ያዩትና «አርባ አንድ፤ ግራው ትንሽ ይሰፋል» ይላሉ፤ ገብቶ ሲለካም እንዳሉት ይሆናል። በዚህ የተነሣ ከተማው ሁሉ «ጋሽ ቁጥር» ብሎ ይጠራቸዋል። ልጃቸውን ያገባሁ ጊዜ በጥሪ ወረቀቱ ላይ የታተመውን ትክክለኛ ስማቸውን አንብበው «ይሄ ደግሞ ማነው?» ያሉ የሃያ ዓመት ጎረቤቶች ነበሩ።

ሱቃቸው ከተራራው ግርጌ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነበር። አንድ ረጅም ክፍል ሲሆን ሦስቱን ግድግዳ የእንጨት መደርደሪያ ይዞት ነበር፤ መሐሉ ላይ ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ አግዳሚ ወንበር ነበረ። የቆዳ፣ የጫማ ቀለምና የሰው እግር ሽታ አንድ ላይ ይቀበልህ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫዬን ስይዝ ባለቤቴ «እኔን ያሳደገኝ ይሄ ሽታ ነው፤ ካልለመድከው እኔንም ተወኝ» ብላኛለች። ለመድኩት። አሁን ቦታው ላይ የስልክ ካርድ ይሸጥበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር ግን ሽታው የሚመጣብኝ ይመስለኛል።

ተራራው ከሩቅ ሲያዩት እንደ ተቆለለ ዱቄት ለስላሳ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው መሆኑ የሚታወቀው ሲወጡት ነው፤ ከወገቡ በላይ ያለው ጥቁርና ቀይ ጠጠር እንደ ሞረድ ይበላል። በከተማ ጫማ የወጣ ሰው ሶሉን እዚያው ትቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሊጸልይ የሚወጣውም፣ ፎቶ ሊነሣ የሚወጣውም አስቀድሞ አማቼ ዘንድ ይገባል፤ የራሱን ጫማ አውልቆ መደርደሪያው ላይ ያኖርና ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ ተከራይቶ ይሄዳል። ሲወርድ ይቀያየራል።

የከተማችን ሰው ተራራውን የሚጠራው በአንቱታ ነው። ደመና ሲሸፍነው «ዛሬ ተከናንበዋል» ይባላል፤ ሲጠራ ደግሞ «ፊታቸው በርቷል»። ቅዱስ ስለሆነ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኔ ግን ከእሳተ ገሞራ ጋር አንተ ተባብሎ መኖር እንደማያዋጣ አያቶቻችን ቀድሞ ገብቷቸው ይመስለኛል።

ጫፉ ላይ ትልቅ ክብ ጉድጓድ አለ፤ በአንድ ዘመን እሳቱ የወጣበት አፍ ነው። ወጪው ሁሉ እዚያ ከደረሰ በኋላ ዙሪያውን ሳይዞር አይመለስም። መውረጃው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ እኛ፣ አንዱ ወደ ማዶ። ጉም ከወረደ አንዱ ድንጋይ ከሌላው አይለይም። ሰው ዞሮ ዞሮ «ይሄ ነው» ያለውን ይዞ ይወርዳል፤ ጠጠሩ አንዴ ካንሸራተተው ደግሞ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ከአራት ሰዓት በኋላ አይቶት ወደማያውቀው ከተማ ይገባል። እንዲህ እየሆነ በየሳምንቱ ሦስት አራት ሰው ማዶ ይወርድ ነበር፤ ባለቤታቸውን የሚጠብቁ ጫማዎችም አማቼ መደርደሪያ ላይ ይቀሩ ነበር።

ማዶም እንዲሁ ጫማ የሚያከራዩ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ሰው ተሳስቶ ሲወርድባቸው ይደውላሉ። ስልኩን የምታነሣው ባለቤቴ ናት፤ አማቼ ስልክ ሲይዙ ይጮኻሉ እንጂ አይሰሙም።

«ልጄ፣ ሁለት ሰው አለኝ» ይላሉ ሴትዮዋ። «አንዱ ቡናማ ማሰሪያ የሌለው፣ አንዷ ሰማያዊ ሸራ ጫማ።»

በማግስቱ ጠዋት ተራራውን የሚዞረው አውቶቡስ እነዚያን ጫማዎች በከረጢት ይወስዳል፤ ከሰዓት ሲመለስ የእኛን ቦት ጫማዎች በዚያው ከረጢት ያመጣል። ከአንደኛው ቦት ጫማ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይወጣል።

መጀመሪያ ወረቀቱ የሚለው «ሁለት ጥንድ» ብቻ ነበር። አማቼም ከካርቶን ክዳን ቀደው «ደርሷል» ብለው ይመልሳሉ። በሦስተኛው ወር ይመስለኛል «ሁለት ጥንድ። ረጅሙ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ እርስዎን ሲረግም አደረ፤ ምን አደረጉት?» የሚል መጣ። አማቼ ሁለት ቀን አሰቡበት። «ምንም። ቀኝና ግራውን ስላላወቀ ነው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቶቹ እየረዘሙ ሄዱ። «ይሄኛው ቦት ጫማ ተረከዙ ሊላቀቅ ስለሆነ ሰፍቼዋለሁ፤ በእኔ ክር ነው፣ በቀለሙ አይፍረዱብኝ።» «ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም፤ እህቴን ሐኪም ቤት ወስጄ ነበር።» «ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ዳቦ ይበዛል፤ እርስዎ ዘንድስ?» አማቼም ሚስታቸው ካረፉ ዘጠነኛ ዓመታቸው ነበርና ያቺን ወረቀት በሸሚዛቸው ኪስ ይዘዋት ሰነበቱ። በመጨረሻ የጻፉት መልስ «እኔ ዘንድም ይበዛል» የሚል ነው። ለዚህች ሦስት ካርቶን አበላሽተዋል።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። በዓይን አይተዋወቁም።

«አባዬ፣ ለምን አንድ ቀን አትሄድም?» ትላቸው ነበር ባለቤቴ። «አውቶቡሱ በርህ ላይ ነው የሚቆመው።»

«ደንበኛውን ለማን ጥዬ?»

«ለእኔና ለባሌ።»

«ባልሽ አርባንና አርባ አራትን አይለይም።»

እውነት ነው፣ አልለይም። «በክረምቱ ዝናብ ተራራው ሲዘጋ ሂዱ» አልኳቸው እኔ።

«ተራራው ሲዘጋ አውቶቡሱም አይዞርም፣ ልጄ።»

«ላልፈለገ ሰው ሰበብ ሞልቶለታል» አለች ባለቤቴ። አማቼ ጎንበስ ብለው የማንም ያልሆነ ጫማ መወልወል ጀመሩ።

አንድ ማክሰኞ ከተራራው መንገድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣላቸው። «ባቀረቡት ማመልከቻ መሠረት» ይላል፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ባለ ቀለም የብረት ምሰሶዎች ተተክለው ገመድ እንዲዘረጋ ተወስኗል፤ ወደ እኛ የሚወርደው ቀይ፣ ወደ ማዶ የሚወርደው ሰማያዊ። ከእንግዲህ ማንም አይሳሳትም።

«የምን ማመልከቻ?» አሉ አማቼ።

ከደብዳቤው ጋር ቅጂው ተያይዟል። የራሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው። ጫማ እየጠፋባቸው ተማርረው፣ የመጀመሪያው ከረጢት ከመምጣቱ ከአንድ ወር በፊት ያስገቡት ነበር።

ዕለቱን ኮት ለብሰው ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ፤ አብሬያቸው ሄድኩ። ጸሐፊው ክምር ፋይል መሐል የተቀመጠ፣ ትሑት ሰው ነው።

«ማመልከቻዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አሉት።

«ጸድቆልዎታል እኮ፣ ጋሽ ቁጥር።»

«እሱን ነው የምልህ። እንዳይጸድቅ።»

ጸሐፊው ወደ እኔ አየ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። «ጋሼ፣ ማመልከቻ ይገባል እንጂ አይወጣም» አላቸው። «ደግሞስ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀው ዛሬ ምን ተገኘ?»

አማቼ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። በመንገድ ላይ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ሰው በጉም ውስጥ እግሩን ቢስት ገደል ነው። እስካሁን የተረፉት ተራራው ራሳቸው ስለጠበቋቸው ነው። ታዲያ እኔ ለአንዲት ብጣሽ ወረቀት ብዬ ሰው ይጥፋ ልበል?»

ምሰሶው በሚሠራበት ሰሞን ከማዶ «ሦስት ጥንድ። ምሰሶ ሊተከል ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል መጣ። አማቼ ወረቀቱን ለልጃቸው አቀበሏት።

«እንኳን ደስ ያለዎት አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«አንተስ ምን ብለህ መለስክ?»

«አመሰግናለሁ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ጽፈህ ጽፈህ፣ መጨረሻው አመሰግናለሁ?»

«ካርቶኑ ጠባብ ነበር» አሉ አማቼ። ባለቤቴ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ቀን እራታቸውን ነካክተው ተዉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው ተሳስቶ አልወረደም፤ ሰማዩም እንደ ጉድ ጠራ። አማቼ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ። «ትንሽ እንኳ አይከናነቡም?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ወዲያው ደግሞ አፍረው ወደ ውስጥ ገቡ።

የመጨረሻው ምሰሶ በሚተከልበት ቀን ጽሕፈት ቤቱ አመልካቹ በክብር እንዲገኙ ጠራቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት ባለቤቴ ሳትወለድ ነበር። አይሄዱም ብለን ነበር። ንጋት ላይ ግን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከመደርደሪያው ቦት ጫማ መርጠው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ክሩን ሲያጠብቁ አገኘናቸው። የገዛ ጫማቸውን እንደ ማንኛውም ደንበኛ መደርደሪያው ላይ አኑረዋል።

«ነጭ ሸሚዝ ለምሰሶ?» አለች ባለቤቴ።

«የክብር እንግዳ ነኝ» አሏትና ከሠራተኞቹ ጋር ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ሱቁን እኛ ይዘን ዋልን። ሁለት ደንበኛ በተሳሳተ ቁጥር እያነከሰ ሄደብኝ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ መዶሻና ገመዳቸውን ተሸክመው ወረዱ። አማቼ ከመሐላቸው የሉም።

«ጋሽ ቁጥርስ?» አልኩት አለቃውን።

«አልመጡም እንዴ? ምሰሶው ከቆመ በኋላ፣ እናንተ ውረዱ፣ እኔ ትንሽ ልይ አሉን። እኛ ምሳ ስንበላ ቀድመውን የወረዱ መስሎን ነው እኮ።»

«በዚህ በጠራ ቀን የት ይጠፋሉ?» አለች ባለቤቴ። አለቃው ሁለት ልጆች መልሼ ልላክ ሲል ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ አንሥታ እኔም እንድሰማ ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው።

«ልጄ» አሉ የማዶዋ ሴትዮ። እንደወትሮው አልፈጠኑም። «አንድ ሰው አለኝ።»

«አባቴ ናቸው? ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ሸሚዛቸው ብቻ ነው የቆሸሸው። በጽሑፋቸው ግን ረጅም ይመስሉኝ ነበር።»

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ጠፍተው ነው?»

«እኔም እሱን ነበር የጠየቅኋቸው። በሩ ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጠፍተው ነው ወይ ብላቸው ኮፍያውን በእጃቸው አገላበጡት። ምሰሶውን ተክለው የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሰማዩ ደግሞ እንደምታዪው ነው። ከዚያ፣ አልጠፋሁም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አልዎት?»

«እኔ ምን እላለሁ? ያን ጊዜ አራት ደንበኛ ቆሞብኛል። ቁጥር ያውቃሉ ሲባል ሰምቼ ስለነበር ወደ መደርደሪያው ላክኋቸው። ይኸው እስካሁን አንዱን ሰውዬ እያጫሙት ነው። እኔ ስለካው አርባ ሦስት ነህ ብዬው ነበር፤ አይደለም ብለው እየተከራከሩኝ ነው፤ በገዛ ሱቄ።»

ከኋላ የአማቼ ድምፅ ይሰማል። እየጮኹ አይደለም፤ በሕይወቴ እንዲህ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ አንዴ ይጠይቁልኝ» አለች ባለቤቴ ዓይኗን እየጠረገች። «በአውቶቡስ ይመለሳሉ ወይ?»

ሴትዮዋ ስልኩን ሳይዘጉ ዞረው ጠየቁ። ከዚያ ሲስቁ ሰማን።

«የየትኛው ቀን አውቶቡስ ብለሽ ጠይቂያት ይላሉ።»