የሩዝ ሙሾ

በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት፣ የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ዛፎች ቅጠላቸውን ማርገፍ ሲጀምሩ፣ ከልጄ ከሳሮን ጋር ኖርዝላንድ ሰፈር ካለ የእስያ ምግብ ሱቅ ቃሪያ እንመርጥ ነበር። ከባለሱቋ ስልክ አንድ ዜማ ተሰማ። አወቅኩት። ሳላስበው ኮፍያዬን አውልቄ አቀረቀርኩ። ከስልኩ ግን ጭብጨባና ሳቅ ይወጣል፤ ባለሱቋም እየሳቀች ታጅበዋለች።

ሳሮን ጠይቃት መጣች። "ዳዲ፣ ኢትስ ኤ ፈኒ ሶንግ!" አለችኝ። ከኢንዶኔዥያ ሆላንድ የገባ ሰው ድንቹ አልዋጥ ብሎት፣ የተጠበሰ ሩዝ ከነእንቁላሉ አምጡልኝ እያለ የሚያላግጥበት ዘፈን ነው አሉ።

እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሙሾ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

መጀመሪያ ስሰማው ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሱዳን ወደ አሜሪካ ስመጣ ዎርዝንግተን ባለው ቤታቸው የተቀበሉኝ ኤልሲ የሚባሉ ሴት ናቸው። አባታቸው ሆላንዳዊ፣ እናታቸው የጃቫ ሰው። እሳቸውም በስደት የመጡ ስለሆኑ ለስደተኛ አንጀታቸው አይችልም። "እትዬ" ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ሱዳን ሳንገባ መንገድ ላይ በወባ ሞተ። መሪያችን ስላጣደፈን አሸዋ አልብሰነው አለፍን። አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ እየመጣ ደጃፌ ላይ ይቆማል፤ መንገዱ እንዳይጨርስበት ያወለቀውን ጫማ በእጁ እንደያዘ። አይናገርም። ኦሃዮ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ፈራሁት፤ የገዛ ወንድሜን ፈራሁት።

በረዶ በጣለበት አንድ ቅዳሜ፣ እትዬ ኤልሲ ነጭ ሽንኩርት አቁላልተው ያደረ ሩዝ ይጠብሳሉ። ጥቁሩንና ጣፋጩን የአኩሪ አተር መረቅ ሲያፈሱበት ቤቱ ታወደ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ዜማውን እየጎተቱ ያንጎራጉራሉ። ቃሉ አይገባኝም። ዜማው ግን የለቅሶ ቤት ዜማ ነበር። በአገራችን ደግሞ ሙሾ የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ በሰው ለቅሶ የራሱንም ሟች ያለቅሳል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና "ወንድሜን! ደምሴን!" ብዬ ጮህኩ።

ደንግጠው ዞሩ። ትንሽ አዩኝና እሳቱን አጠፉ።

"ማን ሞተ?" አሉኝ።

"ወንድሜ። የእርስዎስ?"

ማማሰያውን አስቀመጡ። "እናቴ" አሉ። "እኛ ወደ ሆላንድ መርከብ ስንሳፈር እሷ እዚያው ጃቫ ቀረች።"

አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሩዙ እስኪቀዘቅዝ አብረን አለቀስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምሴ መምጣቱን ተወ።

ከሱቁ በተመለስን ማግስት፣ ገና ሲነጋጋ፣ ደምሴ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ጫማው በእጁ ነው። አፈርኩ። አልቅሼልሃለሁ ብዬ የኖርኩት ለካ በቀልድ ዘፈን ነው! ያ ለቅሶ ይቆጠር እንደሆነ እንዳልጠይቃቸው እትዬ ኤልሲም የሉም። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ብርድ ሞቱ፤ ለቀስተኛ ስለተከለከለ ቀብራቸውን በስልክ ነው ያየሁት። ድንኳን የለ፣ እዝን የለ።

ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ። ነጭ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ያደረ ሩዝ ጣድኩ። ቃሉን ዛሬም አላውቀውም፤ ዜማውን ብቻ እንደሳቸው አድርጌ ጎተትኩት። ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ዘፈን ለምን እንደዚያ ይጎትቱት እንደነበር፣ ስሳሳትም ለምን እንዳላረሙኝ አሁን ገባኝ፤ ለእሳቸውም ሙሾ ነበር።

ሳሮን ከነሌሊት ልብሷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቴን አየች።

"ዳዲ፣ ሁ ዳይድ?"

"እትዬ ኤልሲ" አልኳት።

ትናንት የሳቀችበት ዘፈን መሆኑ ገብቷታል። አልሳቀችም። እሳቱን አጠፋችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ተቀመጥኩ።

ደምሴ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። አልፈራውም። እሱ በመጣ ቁጥር ማንም ሳይጥድ ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።