ከኦሞራቴ ያወጣኝ አብራሪ

መጀመሪያ ያመመኝ ትከሻዬን ነው። ኦሞራቴ አስተምር ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ቀኝ ትከሻዬን ወጋኝ። በማግሥቱ ከእምብርቴ በታች ቁርጠት ተጨመረበት፤ ጥቂት ደምም አየሁ። የወር አበባዬ ዘግይቶ ስለነበር «እሱ ነው» ብዬ ተውኩት። ግን መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። ጋደም ስል ትከሻዬ ይብሳል፣ ስነሳ ያዞረኛል። ከአልጋ ወደ በር ስመላለስ ወደቅሁ።

ያነሳችኝ ጎረቤቴ አማርኛዋ ገና ያልጠና የዳሰነች ብሔረሰብ ሴት ናት። «መምህርት፣ አንቺ ተኛ! አትነሳ!» እያለች ጤና ረዳቱን አቶ ደምሴን አስጠራች። የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ። ሆዴን ሲነካኝ ጮህኩ።

«አርግዘሻል፤ ግን ከማህፀን ውጭ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። «የማህፀንሽ ቱቦ ፈንድቶ ውስጥ ውስጡን እየደማሽ ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል፤ ጂንካ መድረስ አለብሽ።»

በመኪና የማይታሰብ ነበር። ኦሞ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፣ መንገዱን የሚያቋርጡት ወንዞችም እንዲሁ። ውሃ የከበበውን ሰው ለማውጣት ግን አንድ የጦር ሄሊኮፕተር መጥቶ ነበር። አብራሪው ሻምበል ይልማ ይባላል፤ በሰሜን ግንባር ቁስለኛ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲበር ውሎ ሞተሩን ገና ማጥፋቱ ነበር። አቶ ደምሴ በቃሬዛ አሸክሞ ወደሱ ወሰደኝ።

«እስከ ነገ ትቆያለች?» አለ ሻምበሉ።

«አትቆይም።»

አብሮት የሚበረው ቴክኒሻን፣ ሃምሳ አለቃው፣ ሰማዩን አየ። «ሻምበል፣ ጂንካ በኩል ያለው ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ነዳጁም ጂንካ ቢያደርሰን ነው፤ መንገዱ ቢዘጋብን መመለሻ የለንም።»

«ገባኝ። ጫኗት።»

በረደኝ። ጠማኝ። ለኦፕራሲዮኑ ብለው ውሃ ከለከሉኝ። አቶ ደምሴ ጉሉኮሱን ከፍ አድርጎ ይዟል። ተራራው ጋ ስንደርስ መስኮቱ ነጭ ሆነ። ሻምበሉ ደመናው ውስጥ ገባ። ምንም አይታይም። ወጣ። ዞሮ በሌላ ሸለቆ ገባ፤ ዛፎቹ ከሥራችን ሲወዛወዙ ይታየኛል። የቃሬዛውን ጨርቅ እጨመድዳለሁ። ከዚያ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አየሁ። ጂንካ!

ሆስፒታል ሐኪሙ ሆዴን በመርፌ ሳቡ። ያልረጋ ደም ወጣ። «ደም አንሷት ሾክ ውስጥ ገብታለች። ደም አምጡ።»

የተቀመጠ ደም አልነበረም። ሻምበሉ እጅጌውን ሰበሰበ። ሐኪሙ «አንተማ ትበራለህ፤ ያንተን አንወስድም» ብለው መለሱት። እዚያው ጂንካ የሚያስተምረው ባለቤቴ ተጠርቶ መጣ፤ እሱና አብረውት የሚያስተምሩት ሰጡ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ጠዋት ስነቃ ሻምበሉ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ወንበር ቢያቀርቡለት አልተቀመጠም።

«ለምን እንዲያ ደፈርክ?» አልኩት።

ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «አንድ ጊዜ ግንባር ላይ ሄሊኮፕተሩ ሞልቶብኝ አንድ ቁስለኛ ትቼ ተነሳሁ። አትመለስ አሉኝ፤ ይተኮሳል። ተመለስኩ። እዚያው ተቀምጦ የሄድኩበትን አቅጣጫ ሲያይ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቅ ሰው አለ ካሉኝ መቀመጥ አይሆንልኝም።»

ያን ሰው ስላወጣበት በረራ ሃምሳ አለቃው ለባለቤቴ ነግሮታል፤ ሲመለሱ ሄሊኮፕተሩ በጥይት ተበሳስቶ ነበር። ሻምበሉ ራሱ ይህን አላነሳም።

ማገገሙ ረጅም ነበር። የብረት ክኒን እየዋጥኩ፣ ጎመንና ጉበት እየበላሁ፣ አንዴ በተስፋ አንዴ በለቅሶ፣ ደረጃ ስወጣ እያለከለክሁ ወራት አለፉ፤ አካሌ ድኖ እንኳ ልቤ አላርፍ ብሎ፣ አውሮፕላን ጂንካ ከተማ መሃል ባለው ሜዳ ላይ በወረደ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ደጅ እወጣ ነበር። የጠፋውንም ፅንስ የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ባለቤቴም እንደኔ ያለቅስ እንደነበር ኋላ ነው የነገረኝ።

እህቴ፣ የወር አበባሽ ቀርቶ ሆድሽን በአንድ ወገን ከቆረጠሽ፣ ትከሻሽን ከወጋሽ ወይም ካዞረሽ፣ ነገ አትበይ። ደሙ ወደ ውጭ ባይታይም ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ቀን ሳታሳድሪ ወደ ሐኪም ሂጂ፤ ከዳንሽም በኋላ ሐዘንሽን ብቻሽን አትያዢው።

ሻምበል ይልማ ወደ ሰሜን ተመለሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከግንባር የመጣውን ወታደር ሁሉ ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ባገኘው የምነግረው ይህን ነው፦ ሐኪሙ «አንድ ቱቦ ቀርቶሻል፤ ይበቃሽ ይሆናል» ብለውኝ ነበር። በቅቶኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ።