ሐያት ያላፈረሰችው ዲስክ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። የነገርኩት አንድ ሰው ደግሞ አላመነኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰይድ እባላለሁ፤ የአዋሽ ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሸ እየፈታሁ ራሴ ተማርኩ። ሰመራ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ጠባቂ ሆኜ ዓመታት ቆይቻለሁ። ልጄን ሐያትን በቁጣ አሳደግኳት። ውሸት ደጃፌን አይረግጥም እል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያው መሥሪያ ቤት ስትቀጠር፣ በሥራ ቦታ "አባ" እንዳትለኝ ከለከልኳት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ሰርቨራችን አንድ ማሽን ነው፤ በውስጡ ግን ብዙ ቨርቹዋል ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ዲስክ ያለው ይመስለዋል እንጂ ሁሉም ጎን ለጎን አንድ ቦታ የተቀመጡ ናቸው። የሐያት ሥራ እነዚህን መፈተን ነበር። በመለማመጃ ማሽን ላይ ሆን ብላ የተበላሸ ትእዛዝ ትልካለች፤ መጠኑ የተዛባ፣ መነሻው የሌለ፣ ከዲስኩ ጫፍ አልፈህ ጻፍ የሚል። ጤነኛ ዲስክ አይሆንም ብሎ ይመልሳል። ባልደረቦቿ "ዛሬስ ምን ብለሽ ሰደብሽው?" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። "ጨዋ መሆኑ የሚታወቀው ሲሰደብ ነው" ትላቸዋለች።

አንድ ቀን ዲስኩ አንዱን የተበላሸ ትእዛዝ እሺ ብሎ እንደተቀበለ ነገረችኝ። ከጫፉ አልፎ የጎረቤቱ ዲስክ ላይ ጽፏል። ዋናው ሰርቨርም ያው ጉድለት አለበት፤ ማስተካከያውን ለመጫን ግን ለጥቂት ጊዜ መቆም አለበት አለች። እኔ የሠራሁት ሰርቨር በልጄ ቃል ሊቆም? "እንዲህ ያለ ብልግና የሚጠይቅ ፕሮግራም እኛ ዘንድ የለም" አልኳት።

ነበረ። የራሴ ነበር። አንድ ጠዋት በዋናው ሰርቨር ላይ የአንዱን ዲስክ መጠን ቀነስኩ። ባዶ ቦታ የሚያጸዳ፣ በእጄ የጻፍኩት ፕሮግራም ነበረ፤ ለእሱ አዲሱን መጠን መንገር ረሳሁ። የድሮውን ጫፍ ይዞ ሄደ፣ አዲሱን አለፈ፣ ከጎን የነበረውን የእንስሳት ክትባት መረጃ ጠራርጎ አጠፋው። ከጭፍራ ድረስ ከብት ነድተው ያስከተቡ ሰዎች ስም ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂውንም እዚያው ማሽን ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አላወቅኩም ነበር ልበል? እንዳየሁት ነው ያወቅኩት።

ስብሰባ ተጠራ። የአርብቶ አደሮቹ ሽማግሌዎችም ተቀምጠዋል። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ "ጋሽ ሰይድ፣ ከሐያት ፈተና ሌላ ምን ሊያደርገው ይችላል?" አለኝ። ጠማማ ጥያቄ ነበር፤ አይሆንም ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን "ልጄ ናት፤ ሐቅ ግን ከልጅ ይበልጣል። እሷ ናት" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፣ በዚሁ በምሰግድበት አፌ። ሐያት ቀና ብላ አየችኝ። በሽማግሌ ፊት አባትን ማስተባበል በእኛ ነውር ነው። ነውር ነው ብዬ ያስተማርኳት ማን ነው? አቀረቀረች።

ከሥራ ተባረረች። የገዛ አባቷ የመሰከረባትን ማን ይቀጥራል? አሁን በጅቡቲ ድንበር፣ ገላፊ ላይ የጭነት መኪኖችን ወረቀት ታስጨርሳለች። እኔስ? እኔ ተከበርኩ። ለልጁ እንኳ ያላዳላ ሰው ተባልኩ። የተጣሉ ሰዎች "ሰይድ ይዳኘን" እያሉ ይጠሩኛል። በገባሁበት ሁሉ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ የሚለቀቀው ለዚያ ውሸት ነው። እቀመጥበታለሁ። መነሣት አቃተኝ።

በኢድ አዋሽ፣ እናቷ ቤት ተገናኘን። ብቻችንን ስንሆን "አባ፣ ያን ቀን እውነት መስሎዎት ነው የተናገሩት አይደል?" አለችኝ። መውጫ የሰጠችኝ መሰለኝና "አዎ" አልኳት። "እሺ" ብላ ተነሣች። የገባኝ ወደ ሰመራ ስመለስ፣ ገዋኔ ላይ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። ከማሽኑ ፊት ተቀምጣ መልስ ስትጠብቅ እንደምታየው ነበር ያየችኝ። ጥያቄዋ ፈተና ነበር፤ አይሆንም ማለት ሲገባኝ ውሸቴን ደገምኩት።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ትከሻዬን ያዘኝ። "ጋሽ ሰይድ፣ ይገባኛል። አባት አይደሉ? ልጅዎን ለማውጣት ነው" አለኝ። ወላሂ ብልም አልሰማኝም። በውሸት ያገኘሁት ስም እውነቴን ዘጋብኝ።

እንግዲህ ሙያውን ለምታውቁ እላለሁ። የዲስኩን መጠን የቀነስኩት እኔ ነኝ። የሚያጸዳውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ችግሩን አስቀድማ የነገረችኝ ሐያት ናት፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የእሷ መለማመጃ ማሽን ከዋናው ሰርቨር ጋር በገመድ እንኳ አልተገናኘም። ሄዶ ማየት ለፈለገ አሁንም እዚያው አለ።

ወደ አላህ ተመልሼ ተውበት አድርጌያለሁ፤ የሰው ሐቅ ግን በተውበት ብቻ ከትከሻ አይወርድም። ሐያትን ግን አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ አልላትም። አባት ሲለምን ልጅ እምቢ ማለት አትችልም፤ እሺ ትላለች፣ እኔም ለሁለተኛ ጊዜ አፏን እዘጋለሁ። አላደርገውም። የፈለገችውን ትበለኝ፤ በፈለገችው ሽማግሌ ፊት።