ማንም የማያውቀው ተጫዋች

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ነግሬ ይቺን ዘልዬአታለሁ።

ስልኬ ገና ባለ ቁልፍ በነበረበት ጊዜ፣ ጀርመን አገር፣ ኒድ በሚባል ሰፈር የአንድ ሽማግሌ ቤት አጸዳ ነበር። ሄር ኮል እንላቸዋለን፤ አቶ ኮል እንደማለት ነው። ከአሜሪካ በወታደርነት መጥተው፣ ጀርመናዊት አግብተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ሱዛነ "መርሳት ጀምረሃል" እያለች አረጋውያን ቤት ልታስገባቸው ትፈልጋለች፤ እሳቸው ከቤቴ አልወጣም ይላሉ።

የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለባቸውን ካርዶች ይሰበስቡ ነበር። ሥራዬን ስጨርስ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና ባለ ኪሱን አልበም ይገልጡልኛል። እንግሊዝኛ ስለማላነብ ተጫዋቾቹን የለየኋቸው በመልካቸው ነው። ከመካከላቸው ኤርል የሚባል ጆሮዎቹ ትልልቅ የሆኑ ልጅ ነበር። "ይሄንን ከእናቱና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም" ይሉኝና ይስቃሉ።

አንድ ጊዜ ለሞናትስካርቴ፣ ለባቡሩ የወር ትኬት ማለቴ ነው፣ ጎደለኝ። ብጠይቃቸው ይሰጡኝ ነበር። መጠየቅ አፈርኩ። መስረቅ እንዴት አላሳፈረኝም? ካርዶቹ ቀለማቸው ደብዘዝ ያለ፣ የጥንት የሚመስሉ ስለነበሩ ውድ ናቸው ብዬ አሰብኩ። ዝነኞቹን ብወስድ ይታወቅብኛል፤ ማንም የማያውቀውን ማን ይፈልገዋል? ኤርልን ከአልበሙ ኪስ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ነኝ የከተትኩት።

ጉትሎይት የሚባለው ሰፈር ያለው አሮጌ ዕቃ ገዢ ካርዱን አገላብጦ ሳቀብኝ።

"ልጅት፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ካንቺ ያንሳል! የድሮ አስመስለው ያተሙት ነው።"

መልሼ ልወስደው እጄን ስዘረጋ ግን አልለቀቀውም። እንዲህ ያሉት ያልታወቁ ልጆች በትንሹ ነው የሚታተሙት፣ ስብስባቸው ሊሞላ አንድ የቀራቸው ሰዎች እነሱን ነው የሚያስሱት አለኝ። ከፈለኝ። ትኬቴን ገዛሁ።

በሳምንቱ ስገባ ሱዛነ መጥታለች። ሄር ኮል አልበሙን ገልጠው ትተው፣ ተንበርክከው ከሶፋው ሥር ካርዱን ይፈልጋሉ።

"ነበረኝ እኮ!"

"አባባ፣ ያ ኪስ ድሮም ባዶ ነው።"

ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ባለ ጆሮውን! አይተሽዋል አይደል?"

"አላየሁም" አልኩ።

አላየሁም አልኩ። ካርዱ ቢጠፋ ተፈልጎ ሌላ ይገዛ ነበር። እኔ ግን በዚያች ቃል ሰውየው የገዛ አእምሯቸውን እንዲጠራጠሩ አደረግኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ከልጃቸው ጋር አልተከራከሩም። ሆኽስት የሚባል ሰፈር ወዳለው አረጋውያን ቤት ለመግባት እሺ አሉ።

የመጨረሻው ቀን ሻንጣቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። በር ላይ እጄን ያዙና "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በሌለ ነገር አስጨነቅሁሽ" አሉኝ።

"ምንም አይደል" አልኳቸው።

ሆኽስት በባቡር ቅርብ ነው፤ የወር ትኬቴም ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ሄጄ "አይቼዋለሁ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት" ማለት እችል ነበር። አልሄድኩም። አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም።

ልጅ ነበርኩ፣ አልተማርኩም አልልም። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው "አይቼዋለሁ" ማለት አያቅተውም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ይቅር ባይ ሆኜ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።