የአባቴ ቤት ጉልላት

አባቴ መንገድ መሳት የጀመሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ በኖሩበት በፍኖተ ሰላም ነው። ከገበያ ሲመለሱ የሰው በር ያንኳኳሉ፤ አንዳንዴም የራሳቸውን ቤት አልፈው በቡሬ መውጫ ይነጉዳሉ። እኔ ቡሬ የሕንፃ ንድፍ አስተምራለሁ። ቤቱን ልናድስ ስንነሳ ሐሳቤ አንድ ነበር፤ መኝታቸው ምድር ቤት ይሁን፣ መታጠቢያውም አጠገቡ። እሳቸው ግን ጉልላት ካልተሠራ ብለው ድርቅ አሉ።

በወጣትነታቸው ግብርና ሊማሩ ሞስኮ ሄደው ነበር። የኖሩበት ሕንፃ ፎቶ እስከ ዛሬ ሳሎን ተሰቅሏል። ከታች ተራራ የሚያህል ነው፤ ወደ ላይ እንደ ደረጃ እየጠበበ ይወጣና ሹል ጉልላት ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ኮከብ፣ በኮከቡ ዙሪያ የስንዴ ዛላ አለ። በከተማው እንዲህ ያሉ ሰባት ግንቦች አሉ። እኔ ለተማሪዎቼ ሰውን ለማሳነስ የተሠሩ ናቸው እላለሁ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ።

«እኔን አላሳነሰኝም። ቋንቋ ሳላውቅ፣ በዚያ በረዶ፣ ከየትም ሆኜ ቀና ስል አየዋለሁ። አንድ ቀን አልጠፋሁም።»

ይህን ሰምቼም አልለዘብሁም። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ጉልላት! ባልደረቦቼ ቢያዩ ምን ይሉኛል? ነፋስ ይጥለዋል አልሁ፤ ጣሪያው አይችለውም አልሁ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ሳቁብኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በያጅ ጠርተው ላሜራ አስቆረጡ። እኔም እየተነጫነጭሁ ጣሪያውን አጠናከርሁላቸው። ኮከቡን ቢተዉልኝም ስንዴውን ግን እምቢ አሉ።

እውነት ለመናገር፣ ሠራላቸው። ከገበያው መሃል ቀና ብለው ያዩትና ቀጥ ብለው ወደ ቤት ይመጣሉ። እኔ መሸነፍ ስለማልወድ ይህም አናደደኝ።

ችግሩ የመጣው በገበያ ቀን ነው። የገጠር ገበያተኞች ጉልላቱን ከሩቅ አይተው አዲስ ቤተ ክርስቲያን የተተከለ መሰላቸው። ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሴቷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አማትበው በራችንን ተሳልመው ያልፋሉ። አንዲት የቋሪት ሴት ዶሮዎቿን መሬት አስቀምጣ መቃኑን ሳመችና አባቴን «ታቦቱ የማን ነው አባቴ?» አለቻቸው። አባቴ አመድ መሰሉ።

«ቤት ነው ልጄ፤ የኔ ቤት ነው። ምንም የለበት።»

በማግስቱ በያጁን መልሰው ጠሩት። በዚህ ጊዜ የተቃወምሁት እኔ ነኝ። ይተዉት፣ ይጠፋሉ ብዬ ጮህሁባቸው።

«ለታቦት የመጣውን ስግደት በደጄ ልቀበል? ከዚህስ ብጠፋ ይሻለኛል» አሉ።

ጉልላቱ ወርዶ ከግቢው ጥግ ተጋደመ። በቀጣዩ ገበያ እንደወጡ ቀሩ። በባጃጅ ከተማውን አዳረስሁት፤ የለም። ማንን እንደምረግም እንኳ ግራ ገባኝ፤ ሞስኮን ረገምሁ፣ በያጁን ረገምሁ፣ ከሁሉ ይልቅ ያን ድርቅናቸውን ረገምሁ። ፈርቼ ነበር።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ያቺ የቋሪት ሴት የአባቴን ክንድ ይዛ በራችን ላይ ቆማለች። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝተዋት ቤቴ ጠፋኝ ብለዋት ነው። ጉልላቱ ሳይኖር ቤቱን እንዴት እንዳወቀችው ጠየቅኋት።

«ኧረ እንዴት ይጠፋኛል» አለችኝ። «የተሳለምሁትን ደጅ እረሳለሁ?»