የሹፌሩ ጆሮና የኔ መለኪያ

ከኑኑ ቁምባ ወደ ነቀምቴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የቀረው ቦታ ከስፒከሩ ሥር ያለችው የኋላ ጥግ ብቻ ነበረች። ተጨናንቄ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ሹፌሩን ያወቅኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት የመኪናውን ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩን፣ የጠገንኩለት ሰውዬ! ያኔ «ድምፁ ይሻክራል» ብሎ መልሶ አምጥቶልኝ፣ መለኪያዬን ሰክቼ የድምፁ መዛባት ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳየሁት። «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ አንተ ጆሮህን ታከም» አልኩት። ቀልዴን በጣም ነበር የወደድኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

ዘፈኑ እየጮኸ ስንሄድ ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም በእጄ ሥራ ኮራሁ። ኬላ ስንደርስ ረጅም ሰልፍ ጠበቀን። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ድምፁን ዝቅ ሲያደርገው ጉዴ ፈላ። ዘፋኟ ቃል በጨረሰች ቁጥር፣ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ክርር ይላል።

ከጎኔ ዶሮ ያቀፉ እናት፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን ሴትዮ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» አሉኝ።

«የቀረጻው ችግር ይሆናል፣ አዴ፣ እናቴ።»

«እቤት ስሰማትስ ደህና ናት!»

መውረድ አማረኝ። በሩን ሦስት ጆንያ ድንች ዘግቶታል፤ መስኮቱ አይከፈት፤ ዶሮዋ ታፈጥብኛለች። ኮፍያዬን ዝቅ አደረግኩ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ እንደ ደንቡ ድምፁን እስከ ጥግ ለቅቄው ነው የለካሁት። በጩኸት መሃል ያቺ ሻካራ ድምፅ ከቁጥር አትገባም። ጩኸቱ ሲቀንስ ግን እሷ አትቀንስም፤ ብቻዋን ትቀራለች። መለኪያዬ ይሄን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩት።

አንዱ ተሳፋሪ «ኧረ ሹፌር፣ ይሄን ነገር አሠራው!» ሲል ሹፌሩ ዞረ።

«አሠርቼዋለሁ። ባለሙያው የታመመው ጆሮህ ነው አለኝ። ሁለቴ ክሊኒክ ሄጄ አሳጠብኩት። መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ ጆሮ ቢመረምሩኝ ምን ይውጠኛል እያልኩ ስጨነቅ... ለናንተም ይሰማችኋል እንዴ?»

«ለዶሮዋም ይሰማታል!» አሉ እናትየው።

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እሱ አሁንም አልሳቀም፤ እውነት እንደሆነ ለማወቅ ፊታችንን አንድ በአንድ ያያል።

«ጆሮህ ደህና ነው» አልኩ ከጥጌ። «ያ ባለሙያ እኔ ነኝ። አለካኬ ነው የተበላሸው።»

«ኢንጂነር! እዚሁ ነበርክ?» ትክ ብሎ አየኝ። ዘፈኑን ያጠፋዋል ብዬ ስጠብቅ እንዳለ ተወው። «በል እንግዲህ፣ ኬላው እስኪለቀን አብረን እንስማው።»

ሰልፉ ንቅንቅ አላለም።